ክላሲክ ሽጉጥ በየቀኑ ለመታጠቅ፦ ማካሮቭ፣ ዋልተር ወይስ ኮልት?

ወንድሜ፣ ፈቃድህ እንኳን ወጣልህ። ጥያቄህ እንደገባኝ ይህ ነው፦ አሌክሳንድሪያ ትኖራለህ፤ የቨርጂኒያን ሽጉጥ ደብቆ የመያዝ ፈቃድ ሰሞኑን ተቀብለሃል፤ የፕላስቲክ ሽጉጥ አይማርክህም። አባትህ ማካሮቭ ስለነበራቸው ልብህ እዚያ ነው፤ ዋልተር ፒፒኬና ኮልት 1911ም ያምሩሃል። በየቀኑ ከልብስ ስር ለመያዝ የትኛው ይሻላል ብለሃል። ስታርንም አንስተሃል፤ ብራውኒንግ ሃይፓወርን የጠቆመህ ሰውም አለ።

እኔ ለዓመታት የታጠቀ ጥበቃ ሆኜ ሠርቻለሁ፤ ከሥራ ውጭም እታጠቃለሁ፤ የብረት ሽጉጥም እወዳለሁ። ስለዚህ "ግሎክ ግዛና ተገላገል" አልልህም፤ እሱን ከኔ በፊት የመለሱልህ ነግረውሃል፣ ውሸትም አይደለም። ከሦስቱ ግን 1911ን ውሰድ። ሙሉውን ሳይሆን ኮማንደር የሚባለውን፣ አካሉ አሉሚኒየም የሆነውን፣ አዲስ ምርት የሆነውን። አዘውትረህ ለመለማመድ ጊዜ ከሌለህ ደግሞ ሦስቱንም ተውና የስሚዝ ኤንድ ዌሰንን 642 አምስት ጎራሽ ግዛ። ማካሮቩን ለአባትህ ፍቅር ስትል ግዛው፤ ወገብህ ላይ ግን አታውለው።

ለምን እንዲህ እንደምል ከማካሮቩ ልጀምር። ጥሩ ሽጉጥ ነው፤ ማንም አይክድም። ሶቪየት በ1951 ያስታጠቀችው፣ ስምንት ጥይት የሚይዝ፣ 730 ግራም የሚመዝን፣ አሸዋም ጭቃም የማይበግረው ብረት ነው። አሜሪካ ውስጥ የምታገኘው አብዛኛው የቡልጋሪያ ነው። የመጀመሪያው ችግር ጥይቱ ነው። የማካሮቭ ጥይት 9 በ18 ሚሊሜትር ነው፤ በየሱቁ ከሚሸጠው 9 በ19 ጋር አይገጥምም፤ እርሳሱም ወፈር ይላል። ከ2021 ጀምሮ ከሩሲያ በሚገባ ጥይት ላይ ገደብ ከተጣለ ወዲህ ደግሞ ርካሹ ጥይት ከገበያ እየራቀ ነው። የምትለማመድበት ጥይት ሲወደድ ልምምዱን ትተወዋለህ፤ ሰው ነህ።

ሁለተኛው ችግር ብዙ ሰው የማያስተውለው ነው፤ የሴፍቲው፣ ማለትም የመቆለፊያው፣ አቅጣጫ። የማካሮቭ ሴፍቲ ስላይዱ (ሲተኮስ ወደ ኋላ የሚሄደው የላይኛው ብረት) ላይ፣ በግራ በኩል ነው። ወደ ላይ ስትገፋው ይቆለፋል፣ የተነሳውንም መዶሻ በደህና ያወርደዋል፤ ወደ ታች ስታወርደው ለመተኮስ ዝግጁ ነው። ዋልተር ፒፒኬን አንሳ፤ ሴፍቲው እዚያው ስላይዱ ላይ፣ በዚያው በግራ በኩል ነው፤ ሥራው ግን የተገላቢጦሽ ነው። ወደ ታች ሲሆን የተቆለፈ፣ ወደ ላይ ሲሆን ክፍት። 1911 ደግሞ ሴፍቲው ከስር አካሉ ላይ ሆኖ እንደ ማካሮቩ ወደ ታች ሲወርድ ይከፈታል። አሁን አስበው፤ ቤትህ ማካሮቭ አለ፣ ወገብህ ላይ ፒፒኬ። ልብህ ሲመታና እጅህ ሲንቀጠቀጥ አውራ ጣትህ የለመደውን ነው የሚያደርገው፤ ለመክፈት ብሎ ይቆልፈዋል። እኔ ባልደረቦቼን የምመክረው አንድ ነገር ነው፦ የሴፍቲህን አቅጣጫ ምረጥና በቤትህ ያሉት ሽጉጦች ሁሉ እሱን ይከተሉ። ማካሮቭና 1911 በዚህ ይስማማሉ፤ ፒፒኬ ከሁለቱም ጋር አይስማማም።

ፒፒኬን ከነካሁት አይቀር ልጨርሰው። መልኳ የሚያምር፣ ከ1931 ጀምሮ የምትሠራ፣ ኪስ ውስጥ የምትገባ ናት። ነገር ግን ስላይዷን የሚይዘው ክብደቱና ስፕሪንጉ ብቻ ስለሆነ፣ ለምትተኩሳት ትንሽ .380 ጥይት ከሚገባው በላይ ትራገጣለች። እጅህ ሞላ ያለ ከሆነ ደግሞ ስላይዱ ወደ ኋላ ሲመጣ በአውራ ጣትህና በሌባ ጣትህ መካከል ያለውን ሥጋ ይቆርጠዋል። ቀልድ አይደለም፤ ከተኩስ ሜዳ ሁለት ቀጭን መስመር እጃቸው ላይ ይዘው የሚወጡት ሰዎች የዋልተር ሰዎች ናቸው። ያቺ የመጀመሪያዋ ረጅም የምላጭ ስበትም ከባድ ናት።

ወደ 1911 እንምጣ። ጆን ብራውኒንግ የነደፈው፣ የአሜሪካ ጦር በ1911 የተቀበለውና እስከ 1985 ዋና ሽጉጥ አድርጎ የያዘው ነው። ሙሉው መጠን በባዶው 1.1 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። ይህን ከጠዋት እስከ ማታ ወገብህ ላይ ተሸክመህ መኪና ውስጥ ስትገባና ስትወጣ ታውቀዋለህ። ኮማንደሩ ኮልት በ1950 አካባቢ ያወጣው ነው፤ በርሜሉ ከ5 ኢንች ወደ 4.25 አጠረ፣ አካሉ አሉሚኒየም ሆነ፣ ክብደቱ ወደ 800 ግራም ወረደ። በ9 ሚሊሜትር ከገዛኸው ዘጠኝ ጥይት ያህል ይይዛል፤ ርግጫውም ለስላሳ ነው። "ጥይቱ .45 ካልሆነ 1911 አይባልም" የሚሉህን ሽማግሌዎች አክብረህ ስማቸው፣ ከዚያ 9 ሚሊሜትሩን ግዛ።

በርሜሉ ያሳጣኛል ብለህ ወደ 3.5 ኢንቹ እንዳትወርድ። ሰው ሽጉጥህን የሚያውቅብህ በበርሜሉ አይደለም፤ በርሜሉ ሱሪህ ውስጥ ነው። የሚያሳጣው እጀታው ነው፤ ጎንበስ ስትል ሸሚዝህን ከኋላ የሚወጥረው እሱ ነው። 1911 ደግሞ ጥይቱን በአንድ ረድፍ ስለሚይዝ ቀጭን ነው፤ ከብዙዎቹ ዘመናዊ ባለ ሁለት ረድፍ ሽጉጦች ይልቅ ሰውነትህ ላይ ይተኛል። የእጀታው የታችኛ ማዕዘን የተቆረጠለት ካገኘህ ጨምረህም ቢሆን ውሰደው።

አሁን ዋናው ነገር። 1911 የሚያዘው ተቀባብሎ፣ መዶሻው ተነስቶ፣ ሴፍቲው ተቆልፎ ነው። ይህን ያየ ሁሉ ይደነግጣል፤ በተለይ አገር ቤት ሳያቀባብል መያዝ የለመደ ሰው። ካልተቀባበለ ግን ለማቀባበል ሁለት እጅ ያስፈልግሃል፤ በአንዱ እጅህ ልጅህን ይዘህ ወይም ሰው እየገፋህ ከሆነ የት ታመጣዋለህ? አቀባብለህ መዶሻውን በአውራ ጣትህ እያወረድክ መያዝ ደግሞ ከሁሉም የከፋ ነው፤ ጣትህ ሸተት ካለ ተኮሰ ማለት ነው። ስለዚህ መዶሻው ተነስቶ በተቆለፈ ሽጉጥ መሄድ ካስጨነቀህ ጭንቀትህን አልነቅፍም፤ ግን 1911 የአንተ ሽጉጥ አይደለም። በቃ። 642ን ግዛ።

"አዲስ ምርት" ያልኩህም ያለ ምክንያት አይደለም። ጥንታዊዎቹ 1911ዎች መርፌውን (ጥይቱን መትቶ የሚያስተኩሰውን ሹል ብረት) የሚይዝ ከስፕሪንጉ በቀር ምንም ነገር የላቸውም፤ አፈሙዛቸው ወደ ታች ሆኖ ጠንካራ ወለል ላይ ከወደቁ መርፌው በራሱ ክብደት ሄዶ ጥይቱን ሊነካው ይችላል። ኮልት ከ1983 ጀምሮ ሲሪስ 80 በሚለው ላይ ምላጩ ካልተሳበ መርፌውን የሚያግድ ቁራጭ ጨመረ። ስፕሪንግፊልድ ደግሞ መርፌውን ከቀላል ቲታኒየም ሠርቶ ስፕሪንጉን አጠነከረ። ሽጉጥ የሚሰበስቡ ሰዎች የሲሪስ 80 ምላጭ ትንሽ ይከረክራል ብለው ያማርራሉ። ለውድድር ተኳሽ ልክ ናቸው። አንተ ግን ሽንት ቤት ገብተህ ቀበቶህን የምትፈታ ሰው ነህ፤ ሽጉጥ የሚወድቀው እዚያ ነው።

ስታርን ጠቅሰህ ነበር፤ አገር ቤት ስሙ ስለሚታወቅ ብዙ ሰው ይጠይቀኛል። እዚህ በርካሽ የተሸጠው የስፔኑ ስታር ቢኤም ነው። ጠንካራ ነው፣ ዋጋው ይጣፍጣል፣ ግን ፋብሪካው በ1997 ተዘግቷል፤ መለዋወጫ ፍለጋ መንከራተት ነው። መርፌውም በባዶ ምላጭ መሳብ አይወድም፤ ይሰበራል። ቤት ውስጥ በባዶ ልትለማመድበት የማትችለውን ሽጉጥ ነፍስህን አደራ አትስጠው። ስለ ብራውኒንግ ሃይፓወር የጠቆመህ ሰው ጥሩ ጠቁሞሃል፤ ብራውኒንግ በ1926 ሲሞት ቤልጂየማዊው ሴቭ የጨረሰው፣ በ1935 የወጣ፣ 13 ጥይት የሚይዝ ነው። አሮጌዎቹ የጥይት ካዝናው ከወጣ አይተኩሱም፤ ያ ዘዴ ምላጩን ያበላሸዋል። ስፕሪንግፊልድ በ2021 ያወጣው ኤስኤ 35 እሱን አስወግዶታል። ከወደድከው አልቃወምህም፤ አያያዙ እንደ 1911 ነው፣ ሴፍቲውም በዚያው አቅጣጫ ነው፣ ግን ከኮማንደሩ ወፈር ይላል።

642 ላይ ብዙ አልቆይም፤ ቀላል ስለሆነ የሚወራለት ትንሽ ነው። ዘሩ ከ1950ው ቺፍስ ስፔሻል ይመዘዛል፤ ስለዚህ ክላሲክ ከፈለግህ ክላሲክ ነው። 410 ግራም ገደማ ነው፣ የሚተኩሰው .38 ጥይት ነው፣ መዶሻው ውስጥ ተደብቋል፣ ሴፍቲ የለውም፤ ደህንነቱ ረጅሙና ከ5 ኪሎ በላይ የሚከብደው የምላጩ ስበት ነው። ሲተኮስ ያማል፤ ከሰባት ሜትር በላይ ማነጣጠርም ልምምድ ይፈልጋል። ግን በኪስ አፎት ውስጥ ሆኖ ሱሪህ ኪስ ይገባል። ቤተ ክርስቲያን ስትሰግድ፣ ሱቅ ውስጥ ካርቶን ስታነሳ፣ ልቅሶ ቤት መሬት ስትቀመጥ አይታይም። ኪሱ ውስጥ ግን ሌላ ነገር አይግባ፤ ቁልፍም ሳንቲምም።

ለሽጉጡ ያወጣኸውን ያህል ባይሆንም ለቀበቶና ለአፎት ገንዘብ ያዝ። ከገበያ ማዕከል የተገዛ ቀጭን ቀበቶ ላይ 800 ግራም ብረት ስታንጠለጥል ቀኑን ሙሉ ሱሪህን ስትጎትት ትውላለህ፤ በየደቂቃው ወገቡን የሚነካካ ሰው ደግሞ ከሩቅ ይታወቃል። አፎቱ የምላጩን ቦታ ሙሉ በሙሉ ይሸፍን፤ ሽጉጡ ሲወጣም አፉ ክፍት ሆኖ ይቆይ፣ እንዳይጨማደድ። መልሰህ ስትከት አትቸኩል፤ ሸሚዝህን ጠርገህ፣ አይተህ፣ አውራ ጣትህን ከሴፍቲው ስር አድርገህ ክተት። የዋሽንግተን አካባቢ ሐምሌ ደግሞ ብረት ይበላል፤ ላብህ ጥቁሩን ቀለም በአንድ ወቅት ያዝገዋል። ማታ ማታ በዘይት ጨርቅ ጥረገው፣ ወይም ከመጀመሪያው የማይዝገውን ግዛ። የመከላከያ ጥይትህንም በደንብ ተኩሰህ ሞክረው፤ 1911 የተነደፈው ለድፍን ጥይት ስለሆነ አፉ የተቦረቦረውን አንዳንዱ ሽጉጥ ያንቃል።

የቀረው የሕጉ ነገር ነው፤ ከሽጉጡ ምርጫ ይልቅ የሚያሳስበኝ እሱ ነው። የቨርጂኒያ ፈቃድህ ዲሲም ሜሪላንድም አይሠራም። ቨርጂኒያ ስካይላይን ቡና ጠጥተህ ሜሪላንድ ሲልቨር ስፕሪንግ ክትፎ ልትበላ ብትነሳ፣ ድልድዩን ስትሻገር ሕጋዊ ሰው መሆንህ ያበቃል። የዊልሰን ድልድይ መሃሉ ላይ ለአጭር ርቀት የዲሲን ጫፍ ይረግጣል፤ እንዲህ ነው የኛ ሰፈር። ደለስ ኤርፖርት ዘመድ ልትቀበል ስትሄድ ወደ ተርሚናሉ ይዘህ አትግባ። ፖስታ ቤትም የመኪና ማቆሚያው ጭምር ክልክል ነው። ቨርጂኒያ ውስጥ መጠጥ የሚሸጥ ምግብ ቤት ደብቀህ ይዘህ መግባት ትችላለህ፣ ግን አንዲት ቢራ መቅመስ አትችልም። ኡበርና ሊፍት የምትነዳ ከሆነ ደግሞ ሁለቱም ሾፌር ሽጉጥ እንዲይዝ አይፈቅዱም።

ግሪን ካርድ ከሆንክ መግዛት ትችላለህ፤ ዜግነት ያልያዘ ሰው በሽጉጥ ጥፋት ከተፈረደበት ግን ከአገር ሊባረር ይችላል። ለዜጋ በቅጣትና በእስር የሚያልፈው ጉዳይ ለአንተ ኑሮህን በሙሉ ሊያሳጣህ ይችላልና ድልድዩን ከመሻገርህ በፊት ይህን አስብ። ስትገዛ የምትሞላው 4473 ቅጽ ሕገወጥ አደንዛዥ ወይም አነቃቂ ዕፅ ትጠቀማለህ ወይ ብሎ ይጠይቅሃል፤ እርጥብ ጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን በፌዴራል ሕግ ከእነዚያ አንዱ ነው። "ጫት ቅጠል ነው" የሚለው የኛ ክርክር እዚያ አያዋጣም፤ ቅጹ ላይ መዋሸትም ራሱን የቻለ ወንጀል ነው።

ሳትገዛ በፊት ኪራይ ሽጉጥ ያለው የቤት ውስጥ ተኩስ ሜዳ ሂድና ኮማንደሩንና 642ን በአንድ ቀን ሞክራቸው። መጀመሪያ 642ን ተኩስ፤ ኮማንደሩን ቀድመህ ከተኮስክ 642ን ሁለተኛ መንካት አትፈልግም። የአባትህን ዓይነት ማካሮቭ ካገኘህ ደግሞ ከመግዛትህ በፊት ፎቶውን ላክልኝ፤ የበርሜሉን ውስጥና ስላይዱ ላይ ያሉትን ቁጥሮች በደንብ አንሳልኝ።