የስንቅ ኤክሴልዎ ለምን ዜሮ ይደምራል?

ጥያቄው በአጭሩ እንዲህ ነው። ጠያቂያችን ከአምስት ጓደኞቻቸው ጋር ለ10 ቀን ጉዞ ሊወጡ ነው። የሚያበስሉት ራሳቸው ናቸው። ኤክሴል ላይ ለእያንዳንዱ ቀን አንድ አንድ ሺት (የፋይሉ ገጽ) ከፍተው ቁርስ፣ ምሳና እራቱን ሞልተዋል። ስንት ኪሎ ሩዝ መግዛት እንዳለባቸው ለማወቅ ሲደምሩ ግን ዜሮ ይመጣባቸዋል። ባለፈው ጉዞ ሩዙ ቀድሞ አልቆባቸው፣ አትክልቱ ደግሞ ተበላሽቶ ተጥሏል። ከመካከላቸው አንዷ ለውዝ አይስማማትም። «መላ በሉኝ» ይላሉ።

የጉዞ ቡድኖችን ስንቅ ማሰናዳትና ማብሰል የዕለት ሥራዬ ነው። የላኩልኝን ፋይል ከፍቼ አየሁት። ልፋትዎ ያስታውቃል፣ ችግሩም የሚስተካከል ነው።

ከዜሮው እንጀምር። ሴሉ (የሠንጠረዡ አንድ ሳጥን) ውስጥ «480 ግራም» ብለው ጽፈዋል። ለእኔና ለእርስዎ ይሄ ቁጥር ነው። ለኤክሴል ግን ጽሑፍ ነው፤ ጽሑፍ ደግሞ አይደመርም። ምልክቱን ልንገርዎ፦ አሰላለፉን ካልነኩት ቁጥር ወደ ቀኝ ይጠጋል፣ ጽሑፍ ወደ ግራ። የእርስዎ መጠኖች በሙሉ ግራውን ይዘው ቆመዋል። ስለዚህ 480 ብቻውን በአንድ ሴል ይግባ። «ግራም» የሚለው ቃል ጎኑ ባለው አምድ ይጻፍ። አንዱን ዕቃ አንዴ በግራም አንዴ በኪሎ አይጻፉ። አንድ መለኪያ መርጠው በእሱ ይጽኑ።

ሁለተኛው ጣጣ አሥሩ ሺት ነው። በየቀኑ መለየቱ ለዓይን ደስ ይላል፤ ለድምር ግን ጠላት ነው። ሁሉንም ወደ አንድ ረጅም ሺት ያምጡት። አንድ ረድፍ ለአንድ የአስቤዛ ዓይነት፣ ለአንድ ማዕድ። አምዶቹ እነዚህ ይሁኑ፦ ስንተኛ ቀን፣ የትኛው ማዕድ፣ ምን ይበላል፣ የአስቤዛው ዓይነት፣ ለአንድ ሰው ስንት ግራም፣ ለሁሉም ስንት ግራም። የሦስተኛው ቀን እራት ሩዝ በአትክልት ከሆነ ሩዙ አንድ ረድፍ፣ ሽንኩርቱ አንድ ረድፍ፣ ካሮቱ አንድ ረድፍ፣ ዘይቱም አንድ ረድፍ ይይዛል። ሺቱ ይረዝማል፣ ይርዘም። የአንድን ቀን ብቻ ማየት ሲፈልጉ፣ የመረጡትን ረድፍ ብቻ የሚያሳየው ፊልተር አለልዎ። ሴል ከሴል ማዋሃዱን ይተዉት፤ ፊልተሩንም ቅደም ተከተሉንም ያበላሻል።

የሰው ብዛት አንድ ቦታ ብቻ ይጻፍ፣ ላይ ጥግ። «ለሁሉም» የሚለው አምድ የአንድ ሰው መጠን ሲባዛ በዚያ ሴል ነው። ፎርሙላውን ወደ ታች ከመጎተትዎ በፊት የሰው ብዛቱን ሴል በዶላር ምልክት ይቆልፉት። ኮምፒውተር ላይ ኤፍ 4ን መጫን ይበቃል። ካልቆለፉት ፎርሙላው በወረደ ቁጥር የሚያየው ሴልም አብሮ ይወርዳል፤ ከባዶ ሴል ጋር ያባዛና እንደገና ዜሮ ያመጣል።

ከዚያ ሁለተኛ ሺት ይክፈቱና «ሸመታ» ይበሉት። የአስቤዛውን ስሞች እያንዳንዱን አንድ ጊዜ ብቻ ይደርድሩ። ሰምኢፍ (SUMIF) የሚባለው ፎርሙላ ረጅሙ ሺት ላይ «ሩዝ» የሚል ረድፍ ሁሉ ፈልጎ ግራሙን ይደምርልዎታል። በእርስዎ ዕቅድ ሩዝ አራት እራት ላይ አለ። ጥሬው ለአንድ ሰው 80 ግራም ነው። ለስድስት ሰው 480፣ በአራት እራት 1920 ግራም። እሽጉ 1 ኪሎ ከሆነ ሁለት እሽግ ነው። ፓስታው ለአንድ ሰው በ100 ግራም፣ ለስድስት ሰው ሦስት ጊዜ 1800 ግራም ይመጣል፤ ባለ 500 ግራም እሽግ ሲካፈል 3.6። እዚህ ላይ ወደሚቀጥለው ሙሉ ቁጥር ከፍ የሚያደርገው ራውንድአፕ (ROUNDUP) ያስፈልግዎታል፣ 4 ይልልዎታል። ማንም 3.6 እሽግ አይሸጥልዎትም። ግራሙን ሲጽፉ ሁልጊዜ የጥሬውን ይሁን። የበሰለ ሩዝ ክብደቱ ወደ ሦስት እጥፍ ስለሚጠጋ ሁለቱ ከተቀላቀሉ ሸመታው ገደል ይገባል።

አሁን በአማርኛ ለምንጽፍ ሰዎች የሚበዛውን ስህተት ልንገርዎ። ፋይልዎ ላይ አንድ ቦታ «ሥጋ» በንጉሡ ሠ፣ ሌላ ቦታ «ስጋ» በእሳቱ ሰ ተጽፏል። ስናነበው አንድ ነው። ለኤክሴል ግን ሁለት የተለያዩ ዕቃዎች ናቸው። «እንቁላል» እና «ዕንቁላል»፣ «ጎመን» እና «ጐመን» እንደዚያው። ከቃሉ ኋላ ሳይታወቅ የገባች ባዶ ቦታም ታስታለች። እኔ አንድ ጊዜ «ዓሣ» እና «አሳ» አቀላቅዬ ጽፌ ሸመታው ላይ የወጣው ግማሹ ብቻ ሆነ። ያወቅሁት በሁለተኛው የዓሣ እራት ቀን ድስት ጥጄ ነው። ስድስት ሰው ሲራብ አይቶ ማዘን ምን እንደሚመስል ያን ማታ ገባኝ። ከዚያ ወዲህ ስም በእጄ አልጽፍም። ስሞቹን አንድ ሺት ላይ ዘርዝሬ በዳታ ቫሊዴሽን ድሮፕዳውን እሠራለሁ፤ ከዝርዝሩ መምረጥ ብቻ ነው። እርስዎም ይህን ያድርጉ። ከምክሬ ሁሉ አንዱን ብቻ ከወሰዱ ይህኛውን ይውሰዱ።

አትክልቱ የተበላሸው ቅደም ተከተሉ ስላልታሰበበት ነው። በላኩልኝ ዕቅድ ሰላጣው ስምንተኛው ቀን ላይ ነው። ማቀዝቀዣ ለሌለው መንገደኛ ቅጠላ ቅጠል የመጀመሪያዎቹ ቀናት ምግብ ነው። ጥቅል ጎመን፣ ካሮትና ሽንኩርት ቆየት ይላሉ። ሩዝ፣ ፓስታና ምስር መጨረሻውን ይጠብቃሉ። በስሞቹ ዝርዝር ላይ «እስከ ስንተኛ ቀን ይቆያል» የሚል አምድ ይጨምሩ። የሚበላበት ቀን ከዚያ ከበለጠ ረድፉ እንዲቀላ በኮንዲሽናል ፎርማቲንግ ያዙት። የተረፈ የበሰለ ምግብን ግን ለነገ ምሳ ብለው አያቅዱ። ከ5 እስከ 60 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለው ሙቀት ውስጥ ከ2 ሰዓት በላይ የቆየ ምግብ አያስተማምንም። አየሩ ከ32 ዲግሪ ካለፈ ደግሞ 1 ሰዓት ብቻ ነው።

ወደ ክትትሉ እንምጣ። ብዙ ሰው የተበላውን ለመመዝገብ ይሞክራል፤ በሦስተኛው ቀን ይሰለቸዋል። እኔ የምመዘግበው የቀረውን ነው። ያውም ሁሉንም አይደለም፤ ሲያልቅ ጉዞውን የሚያደናቅፉትን አራት አምስት ነገሮች ብቻ። ትንሽ ሚዛን ይያዙ። የእርስዎን ሩዝ እንውሰድ። 2000 ግራም ይዘው ወጡ እንበል። ከሁለት እራት በኋላ በዕቅዱ 1040 መቅረት ነበረበት። ሲመዝኑት 820 ሆነ። ስለዚህ የሄደው 1180 ነው፤ በአንድ እራት 590፣ ለአንድ ሰው 98 ግራም ገደማ። የቀሩት ሁለት እራቶች በዚህ አበላል 1180 ይፈልጋሉ። 360 ግራም ይጎድልዎታል ማለት ነው። ይህን በአራተኛው ቀን ማወቅና በዘጠነኛው ቀን ማወቅ የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃል። በአራተኛው ቀን ከሆነ አንዱን እራት ወደ ፓስታ ያዞሩታል፣ ወይም በሚቀጥለው መንደር ይገዛሉ። ሲጨርሱ 98ን ለሚቀጥለው ጉዞ ያስቀምጡት፤ የቡድንዎ ትክክለኛ መጠን እሱ ነው።

ካሎሪ መቁጠር ለ10 ቀን ጉዞ አስፈላጊ አይመስለኝም። ሻንጣው ከከበደዎት ግን አንድ ነገር ይወቁ፦ 1 ግራም ስታርች ወይም ፕሮቲን 4 ኪሎካሎሪ ይሰጣል፣ 1 ግራም ስብ 9። በትንሽ ክብደት ብዙ ጉልበት የሚገኘው ከዘይት ነው። ለውዝም ይህን ያደርግ ነበር፣ ለእናንተ ቡድን ግን አይታሰብም። ለጓደኛዎ ሲሉ ለውዝ ጭራሽ እንዳይገዛ ይስማሙ። «ለእሷ አንሰጣትም» ማለት አይበቃም፤ አንድ ማንኪያ ከአንዱ ድስት ወደ ሌላው ይገባል። ስሞቹ ዝርዝር ላይ «ማሸጊያው ተነቧል» የሚል አምድ ይኑር፤ የገዛው ሰው ራሱ አንብቦ ይሙላው። ባዶ ከሆነ ዕቃው ድስት ውስጥ አይገባም።

መንገድ ላይ ኔትወርክ አይመኑ። ጉግል ሺትስ ከሆነ የሚጠቀሙት ፋይሉ ኦፍላይን እንዲከፈት ከመነሳትዎ በፊት ስልክዎ ላይ ያስተካክሉት፤ ስልኩንም ኤርፕሌን ሞድ ላይ አድርገው ይሞክሩት። ረጅሙን ሺት አትመው አንድ ቅጂ ከድስቱ ጋር ይያዙ። በእርጥብ እጅ ስልክ አይነካም። ሚዛኑን ወረቀቱ ላይ በእርሳስ ይጻፉና ማታ ወደ ፋይሉ ያስገቡት።

ሁሉን ጨርሰው ወደ ገበያ ከመውጣትዎ በፊት የሰው ብዛቱን ከ6 ወደ 7 ይቀይሩት። ሸመታው ላይ ያሉትን ድምሮች አንድ በአንድ ይዩ። ያልተንቀሳቀሰ ድምር ካለ ረጅሙ ሺት ላይ ፎርሙላው ጠፍቶ በእጅ የተጻፈ ቁጥር ገብቷል ማለት ነው። እሱን አስተካክለው ወደ 6 ይመልሱት።