የፋሲል ግንብ ጣሪያው ሹል አይደለም

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ጋሼ። አዘዞ ውስጥ የ8ኛ ክፍል ማኅበራዊ ሳይንስ አስተምራለሁ፤ ሦስተኛ ዓመቴ ነው። ስለ ጎንደር ዘመን ለማስተማር ይዘቱን ቻት ጂፒቲን ጠይቄ፣ ስላይዱን ጋማ በሚባለው ኤአይ አሠራሁ። በአሥር ደቂቃ 24 ስላይድ ወጣልኝ። ሲያዩት ያምራል፤ ልጆቹ ግን ሲገለብጡ ክፍለ ጊዜው አለቀ፣ ጥያቄ ስጠይቃቸውም ዝም። አንዲት ባልደረባዬ «ያልለፋሽበትን ማስተማር ነውር ነው» ካለችኝ ወዲህ ሆዴ አልረጋም። ልተወው ወይ? በዚያ ላይ ቤት ደህና የነበረው አማርኛ ትምህርት ቤት ኮምፒውተር ላይ ሳጥን ሳጥን ሆኖ ቀረ።
መምህርት፣ ከአዘዞ

መልስ፦ አትተዪው ልጄ። ከ60 በላይ ተማሪ ይዞ ደብተር ሲያርም ለሚያመሽ መምህር ጊዜ የሚቆጥብለት ነገር ነውር የለውም። የባልደረባሽን ቃል ግን አትርሺው፤ ከስላይድ አሠራሩ ያተረፍሽውን ልፋት የምታውዪበት ቦታ አለ። የቱ ጋ እንደሆነ የራሴን ልንገርሽ።

አምና ይህንኑ ርዕስ ሳስተምር ለመጀመሪያው ስላይድ «የአፄ ፋሲል ግንብ» ብዬ በኤአይ ሥዕል አሠራሁ። ሰማዩ ወርቅ መስሎ፣ ግንቡ ገዝፎ ወጣ። ደስ ብሎኝ ፕሮጀክተሩን ከፈትኩ። ቤታቸው ከፋሲል ግቢ አጥር ማዶ የሆነ ልጅ ከኋላ እጁን አወጣና «ቲቸር፣ ይሄ የኛ አይደለም፤ ጣሪያው ሹል ነው» አለኝ። ዞር ብዬ አየሁት። እውነቱን ነው። በአራቱ ማዕዘን ያሉት የፋሲል ግንብ ማማዎች አናታቸው እንደ እንቁላል ጫፍ የተድቦለቦለ ነው። ማሽኑ የሳለው የአውሮፓ ግንብ ነበር። በየቀኑ በደጁ የማልፈውን ግንብ ለጎንደር ልጆች አሳስቼ አሳየሁ። እስካሁን ያንገበግበኛል።

የዚያው የኔ ስላይድ ጽሑፍም ከዚያ አይሻልም። ሦስተኛው ስላይድ ግንቡን የሠሩት ፖርቱጋሎች ናቸው ይላል፣ ያለምንም ጥርጥር። የፖርቱጋሉ የክሪስቶቫኦ ዳ ጋማ ጦር የመጣው እ.ኤ.አ. በ1541 ነው፤ ፋሲል የነገሡት በ1632። በመሃሉ 91 ዓመት አለ። የካቶሊክ ሚስዮናውያን የሆኑትን ኢየሱሳውያን ከአገር ያስወጡትም ራሳቸው ፋሲል ናቸው። በግንባታው ውስጥ ከውጭ የመጣ ጥበብ መግባቱን ማስተማር ተገቢ ነው፤ ግንቡን እንዳለ ለሌላ ሰው መስጠት ግን ልጆቹን መበደል ነው። የዘመን አቆጣጠሩ ደግሞ ተደበላልቋል። የከተማዋ ምሥረታ አንዱ ስላይድ ላይ 1636፣ ሌላው ላይ 1628 ተጽፏል። አንዱ የፈረንጅ፣ አንዱ የኛ መሆኑን እኔና አንቺ እናውቃለን። የ8ኛ ክፍል ልጅ ግን ሁለቱንም ገልብጦ ለፈተና ያጠናል።

ዛሬ ኮምፒውተሩን ከመክፈቴ በፊት ዕለታዊ ዕቅዴን በእጄ እጽፋለሁ፤ ከዕቅዱም ልጆቹ ሲወጡ መመለስ ያለባቸውን አንዲት ጥያቄ አወጣለሁ። ከዚያ ከተማሪው መጽሐፍ የሚያስፈልገኝን አንቀጽ ራሴ ተይቤ ለኤአዩ እሰጠውና «ከዚህ ውጭ ምንም አትጨምር፣ ከ7 ስላይድ አትለፍ፣ አንዱ ላይ ከ20 ቃል በላይ አትጻፍ፣ ዓመቱ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ብቻ ይሁን» እለዋለሁ። ያወጣውን ደግሞ ከመጽሐፉ ጋር ቃል በቃል አስተያያለሁ። ልፋትሽ እዚህ ላይ ይዋል። 24 ስላይድ ለ40 ደቂቃ ስታካፍዪው ለአንዱ ሁለት ደቂቃ እንኳ አይደርሰውም፤ ልጆቹ ከመገልበጥ ሌላ ምን ጊዜ አላቸው?

ሥዕል አታሠሪው። ውስጡ አማርኛ ያለበት ሥዕል ከሆነማ ጭራሽ፤ ፊደል የሚመስል ግን የማይነበብ ነገር ይሞነጭርልሻል። ቅዳሜ ታክሲ ያዢና ወደ ፒያሳ ውጪ፤ ፋሲል ግቢ ገብተሽ በስልክሽ አንሺ። ማማዎቹን፣ በድንጋዮቹ መካከል ያለውን ኖራ ቀረብ ብለሽ፣ ጣሪያ አልባውን የኢያሱን ግንብ። የኢያሱን ግንብ ፎቶ ያለ ምንም ጽሑፍ ብቻውን ስላይድ ላይ አድርጊና «ምን ጎደለው?» በያቸው። እኔ ክፍል በዚያች አንድ ስላይድ ሩብ ሰዓት ቆየን። አንዷ ልጅ አያቷ የነገሯትን አመጣች፣ ሌላው አልተስማማም፤ በዓመቱ አንድም ቀን ተናግሮ የማያውቅ ልጅ ተነሥቶ ተከራከረ።

ሳጥኑ የፎንት ጉዳይ ነው። ቤት የተጠቀምሽበት ፎንት ትምህርት ቤቱ ኮምፒውተር ላይ አልተጫነም። ዊንዶውስ 10 ከሆነ ጽሑፉን ሁሉ ወደ ኤብሪማ ቀይሪው፣ አሮጌው ዊንዶውስ 7 ከሆነ ወደ ኒያላ። ፍላሽሽ ላይም ከፓወርፖይንቱ ጎን ፒዲኤፉን አስቀምጪ፤ ፒዲኤፍ ፎንቱን አብሮ ስለሚይዝ ፊደሉ አይጠፋም። መብራት ከሄደ ያቺን አንዲት ጥያቄ በጠመኔ ሰሌዳው ላይ ጻፊያትና ቀጥይ።

ቅዳሜ ስትሄጂ በጠዋት ይሁን። በቀትር ብርሃኑ ከአናት ስለሚወርድ ድንጋዩ ሁሉ አንድ ወጥ መስሎ ይወጣብሻል፤ በጠዋት ግን የእያንዳንዱ ድንጋይ ጠርዝ ይለያል።