አድራሻዎቹን የያዘውን ፋይል በኤክሴል እንዳትከፍቺው

እህቴ፣ ጥያቄሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። የትምህርት ቤት ጸሐፊ ነሽ፤ ቢሮው ከድሮው የኢሜይል ፕሮግራም ተንደርበርድ ወደሚባል ሌላ የኢሜይል ፕሮግራም አዙሯችኋል፤ የወላጆችና የመምህራን አድራሻ ግማሹ የለም፤ በአማርኛ የተጻፉት ስሞች ደግሞ በጥያቄ ምልክት ተሞልተዋል። «ፋይሉን በኤክሴል አስተካክዬ እንደገና ላስገባው?» ብለሻል። አታድርጊው። እኔ በዚያው መንገድ ሄጄ የሦስት ሳምንት ሥራ ከስሬበታለሁና ሌላው ሁሉ ይቆይሽና መጀመሪያ ይህን አንብቢ።

የምሠራው አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ አነስተኛ የጉዞ ወኪል ድርጅት ነው። ከላሊበላ ሆቴሎች እስከ አርባ ምንጭ ባለ ጀልባዎች፣ ከጎንደር አስጎብኚዎች እስከ ጀርመን ደንበኞቻችን ድረስ 1,340 አድራሻ በእኔ እጅ ነበር። በዘጠኝ ዓመት አንድ በአንድ የሰበሰብኩት ነው። አለቃዬ እንኳ የሹፌር ስልክ ሲፈልጉ የሚጠይቁት እኔን ነው።

1. ከድሮው ፕሮግራም ያወጣሽውን የሲኤስቪ ፋይል (አድራሻዎቹ በኮማ ተለያይተው የተጻፉበትን ተራ የጽሑፍ ፋይል) ሳትከፍቺ ግልባጩን በፍላሽ ላይ አስቀምጪ። ሌላ ግልባጭ ለራስሽ በኢሜይል ላኪ። ከዚያ በኋላ የምትነካኪው ሦስተኛውን ግልባጭ ብቻ ይሁን። እኔ ይህን አላደረግኩም። አንድ ፋይል ብቻ ነበረኝ፤ እሱንም በኤክሴል ከፈትኩት።

ስልኮቹን ሁሉ የመዘገብኩት ከ251 ጀምሬ ነበር፤ የውጭ ደንበኞቻችን በቀጥታ እንዲደውሉ ብዬ። ከ251 በኋላ ዘጠኝ አኃዝ አለ፣ በድምሩ 12 ይሆናል። ኤክሴል 12 አኃዝ ተደርድሮ ሲያገኝ ስልክ መሆኑን አያውቅም፤ እንደ ትልቅ ቁጥር ወስዶ በሳይንሳዊ አጻጻፍ ያሳጥረዋል። ዓምዱን ሳየው ከላይ እስከ ታች እንደ 2.51911 ያለ ቁጥር ይልና ከኋላው አንድ የላቲን ፊደልና +11 ይከተለዋል። ዓምዱ ስለጠበበ ነው ብዬ አለፍኩት። ሦስት የተሳሳቱ ስሞች አረምኩ፣ በዚያው ስም አስቀመጥኩት፣ ዘጋሁት።

ያጠፋኝ ይህ ነው። ፋይሉ ሲኤስቪ ሆኖ ሲቀመጥ የሚጻፈው በስክሪኑ ላይ የሚታየው ነው። ከእያንዳንዱ ስልክ የመጨረሻዎቹ ስድስት አኃዞች በዚያች ቅጽበት ጠፉ። በማግስቱ ወደ ተንደርበርድ ሳስገባው በ0911 የሚጀምር ስልክ ካላቸው ሰዎች ብዙዎቹ አንድ ዓይነት ቁጥር ይዘው መጡ። የጎንደሩ አስጎብኚም፣ የባሕር ዳሩ ሆቴልም፣ ሐኪሜም። በ0 ጀምረሽ የመዘገብሻቸው ካሉ አይዞሽ፤ እነዚያ የሚያጡት 0ን ብቻ ስለሆነ ይመለሳሉ። ዘጠኝ አኃዝ ቀርቶ በ9 ወይም በ7 ከጀመረ የእጅ ስልክ ነው፣ በ11 ከጀመረ የአዲስ አበባ መደበኛ ስልክ ነው፤ ፊቱ ላይ 0 መጨመር ነው። በሳይንሳዊ አጻጻፍ የተቀመጠውን ግን የሚመልስ ባለሙያ የለም። ገንዘብ ከፍለሽ እንዳትታለዪ።

የአማርኛ ስሞቹም የጠፉት በዚያው አንድ ማስቀመጥ ነው። ሲኤስቪ ብለሽ ስታስቀምጪ ከአንድ በላይ ምርጫ አለ፤ ዩቲኤፍ-8 (የማንኛውንም ቋንቋ ፊደል የሚይዝ ኮድ) የሚለውን ካልመረጥሽ የግዕዝ ፊደል ቦታ ስለማያገኝ በጥያቄ ምልክት ይተካል። እዚህ ላይ ልብ በይ። ፋይሉ ውስጥ ያለው እውነተኛ የጥያቄ ምልክት ከሆነ ስሙ ጠፍቷል። የምታዪው ግን በላዩ ላይ ጭረት ያለበት የላቲን ፊደልና የማይነበብ ምልክት ከሆነ ምንም አልጠፋም፤ ፕሮግራሙ በተሳሳተ ኮድ እያነበበው ነው። በዩቲኤፍ-8 አንድ የአማርኛ ፊደል ሦስት ባይት ስለሚይዝ አንዷ «ሰ» ሦስት ምልክት ሆና ትታያለች። ኮዱን አስተካክለሽ ስታስገቢው ይመለሳል። እኔ ይህን ልዩነት የሚነግረኝ ሰው አጥቼ ሁለት ቀን አልቅሻለሁ።

2. የድሮው የኢሜይል ሳጥን እንዲዘጋ አትፍቀጂ። ቢያንስ ሁለት ወር ጎን ለጎን ይቆይ፤ የሚዘጋበትንም ቀን በደብዳቤ አስጽፊ። የእኛ የድሮ መዝገብ ኮምፒውተራችን ላይ ሳይሆን አገልግሎቱን በሚሰጠን ድርጅት ሰርቨር ላይ ነበር። ስልኮቹ መበላሸታቸውን ባወቅኩ ጊዜ እንደገና አወጣዋለሁ ብዬ ልገባ ስል ሳጥኑ ተዘግቷል። እስከ ወሩ መጨረሻ የከፈልንበትን ደረሰኝ ይዤ ቢሯቸው ሄድኩ። መስኮቱ ላይ የተቀመጠው ልጅ ከእጅ ስልኩ ቀና ሳይል «እሱማ የአንቺ ችግር ነው፤ ፋይሉን ያበላሸሽው አንቺ ነሽ» አለኝ። በዕድሜ ታናሽ ወንድሜ ይሆናል፤ አንቱታው ይቅር፣ ደረሰኙን እንኳ አላየልኝም። ኃላፊ ጥራልኝ ስለው ስብሰባ ላይ ናቸው አለኝ። አንድ ሰዓት ተኩል ቆሜ ጠበቅኩ። በመጨረሻ የወጡት ሴትዮ በትሕትና አነጋግረውኝ ነገሩን አጣሩ፤ ውል ሲቋረጥ የደብዳቤዎቹ መጠባበቂያ ለጥቂት ቀናት ይቆያል እንጂ የአድራሻ መዝገቡ አብሮ አይቀመጥም አሉኝ። ፋይሉን ያበላሸሁት እኔ ነኝ፣ አልክድም። የከፈልንበትን ሳጥን ቀኑ ሳይደርስ የዘጉት ግን እነሱ ናቸው፤ ያንን እስከ ዛሬ ማንም «ይቅርታ» አላለኝም።

አድራሻዎቹን መልሼ ያገኘሁት ከራሳቸው ከደብዳቤዎቹ ነው። የአንቺም ግማሽ መድኃኒት እዚያ አለ። ደብዳቤዎቹ በአይማፕ (በሰርቨር ላይ ያሉ ደብዳቤዎች በሚነበቡበት መንገድ) ወደ ተንደርበርድ ከተዛወሩልሽ የላክሻቸው ሁሉ የሰዎቹን ኢሜይል ይዘዋል፤ ከሰዎቹ የመጡት ደግሞ ግርጌያቸው ላይ ስልክ አላቸው። መፈለጊያው ላይ 251 ብዬ እየጻፍኩ፣ የሆቴል ደረሰኝና የሹፌሮች ውል በጠረጴዛ ላይ ዘርግቼ በቀን ስልሳ ሰባ ስልክ መለስኩ። ጫሞ ሐይቅ ላይ ጀልባ ያላቸው አንድ አባት ኢሜይልም የላቸው፣ ውልም የላቸው፤ የእሳቸውን ስልክ ያገኘሁት እዚያ አካባቢ ያለ ሆቴል ዘበኛ ለምኜ ነው። ስደውልላቸው «ልጄ፣ ጠፋሽ እኮ» አሉኝ። ከ1,340ው 1,302 ተመልሰዋል። የቀሩት 38 አልተገኙም።

«ግማሹ የለም» ያልሽው ግን ከዚህ ሁሉ ላይገናኝ ይችላል። በድሮው ፕሮግራም የስም መጀመሪያ ስትጽፊ አድራሻው ራሱ ይመጣልሽ አልነበረም? ከእነዚያ ብዙዎቹ መዝገብ ውስጥ ገብተው አያውቁም፤ ፕሮግራሙ ስትልኪ እያየ ያስታወሳቸው ናቸውና በፋይል አይወጡም። «የ8ኛ ክፍል ወላጆች» የሚል ቡድን ሠርተሽ ከሆነም ቡድኑ በሲኤስቪ አብሮ ላይመጣ ይችላል፤ እንደገና ትሠሪዋለሽ። ደግሞ ያስገባሽው ፋይል በግል መዝገቡ ውስጥ ሳይሆን በፋይሉ ስም በተከፈተ ሌላ መዝገብ ውስጥ ተቀምጦ ይሆናል፤ በግራ በኩል ያለውን ዝርዝር አንድ በአንድ ተጭነሽ እዪ። የጎረቤት ቢሮ ጓደኛዬ አንድ ሳምንት የፈለገችው እዚያው ተቀምጦ ነበር።

ስለ ስም ደግሞ። ፕሮግራሙ የመጀመሪያና የመጨረሻ ስም ብሎ ይጠይቃል፤ የእኛ ሁለተኛው የአባት ስም እንጂ የቤተሰብ ስም አይደለም። ዝርዝሩ በመጨረሻ ስም ከተደረደረ አባታቸው ተስፋዬ የሆነ ሁሉ አንድ ላይ ይሰለፋል፣ ሰላማዊትን በ«ሰ» ስትፈልጊያት በ«ተ» ትገኛለች። ስም የሚታይበትን ቅደም ተከተል ከአድራሻ መዝገቡ የማሳያ ምርጫ ላይ ቀይሪው። «ፀሐይ» እና «ጸሃይ» ለእኛ አንድ ናቸው፣ ለኮምፒውተሩ ግን ሁለት የተለያዩ ሰዎች ናቸው፤ በአንዱ ፈልገሽ ስታጪ ሰውየውን ዳግመኛ ትመዘግቢዋለሽ። እኔ መዝገብ ውስጥ ኃይሉ የሚባል አንድ ሹፌር በሦስት ዓይነት «ሀ» ሦስት ጊዜ ነበር። አንዱን አጻጻፍ ምረጪና ወረቀት ላይ ጽፈሽ ግድግዳ ላይ ለጥፊው፤ ከአንቺ ሌላ የሚመዘግብ ሰው ካለ እሱም እንዲያየው።

የምትጽፊው የማሳያ ስም ከደብዳቤው ጋር አብሮ እንደሚሄድም እወቂ። አንድ የሆቴል ሥራ አስኪያጅ ለራሴ እንዲያስታውሰኝ «ዋጋ የሚያስወድደው» ብዬ መዝግቤው ነበር፤ ለአራት ሰው በአንድ ላይ በላክሁት ደብዳቤ ላይ ራሱ አነበበው። ደውሎልኝ ምን እንደምመልስ አጣሁ። «ክፍያ የሚያዘገዩት አባት» ብለሽ የመዘገብሽው ወላጅ ካለ ዛሬውኑ አጥፊው፤ ማስታወሻ የሚጻፍበት ሌላ ቦታ አለ።

ፋይሉን የግድ ማረም ካለብሽ ሊብሬ ኦፊስ ካልክ በሚባለው ነፃ የሠንጠረዥ ፕሮግራም ክፈቺው። ከመክፈቱ በፊት ራሱ ይጠይቅሻል፦ ኮዱን ዩቲኤፍ-8 በይው፣ የስልኩን ዓምድ ተጭነሽ «ጽሑፍ» በይው። በኤክሴልም ከዳታ ማውጫው ገብተሽ ከጽሑፍ ፋይል አምጣ ብትዪው ዓምዱን ጽሑፍ ማድረግ ይቻላል፤ አደገኛው ፋይሉን ሁለቴ ተጭኖ መክፈቱ ነው።

አሁን ከመቀመጫሽ ሳትነሺ ያወጣሽውን ፋይል በኖትፓድ ክፈቺው፤ አንብቢው እንጂ አታስቀምጪው። የአንድ ወላጅ መስመር ፈልጊና ስልኩ ሙሉ መሆኑን፣ ስሙ የጥያቄ ምልክት ይሁን ወይስ ሌላ ምልክት እዪ። ያየሽውን እዚሁ ጻፊልኝ፤ የሰዎቹን ስልክ ግን እንዳትለጥፊ። ማታ ከሁለት ሰዓት በኋላ እገባለሁ፣ ከዚያ የሚቀጥለውን እነግርሻለሁ። እስከዚያ የድሮው ሳጥን እንዳይዘጋ ደውዪላቸው።