የአዲስ አበባው ደሞዝ ይበልጣል፤ ግን ስንት ይተርፍሻል?

ውድ እህቴ፣ ደብዳቤሽን ደጋግሜ አነበብኩት። ከአርባ ምንጭ ዩኒቨርሲቲ በውሃ ምህንድስና ተመርቀሽ ሁለት ሥራ ቀርቦልሻል። አንዱ አዲስ አበባ፣ ሥራ ተቋራጭ ቢሮ ውስጥ የጨረታ ሰነድ ማዘጋጀት ነው፤ በወር 18,000 ብር። ሌላው ሐዋሳ፣ የውሃ መስመር ዝርጋታ ቁጥጥር ነው፤ 13,000 ብር። «አዲስ አበባ ካልገባሁ ከጓደኞቼ ወደ ኋላ የምቀር ይመስለኛል» ብለሻል።

ስጋትሽ ከሜዳ የመጣ አይደለም። በ1999 ዓ.ም. ሕዝብ ቆጠራ አዲስ አበባ 2,739,551 ነዋሪ ነበራት፤ ተከታይዋ ድሬዳዋ ከተማ 233 ሺህ ገደማ። ከአሥር እጥፍ በላይ ነው ልዩነቱ። የባንኩም፣ የኤምባሲውም፣ የአፍሪካ ኅብረቱም ዋና ቢሮ እዚያው ስለሆነ ሥራ ፈላጊው ሁሉ ይከተላል። የሚወዳደርሽም እዚያው ነው።

አሁን ወደ ሒሳቡ እንግባ። ቢሮው ሜክሲኮ ነው፤ ያገኘሽው ቤት ቦሌ አራብሳ ኮንዶሚኒየም፣ ስቱዲዮ በ8,000 ብር። የታክሲ ሰልፉና መንገዱ ደርሶ መልስ በቀን ሦስት ሰዓት ቢወስድብሽ በሳምንት 15 ሰዓት ነው፤ ሁለት የሥራ ቀን ሊሞላ ትንሽ የቀረው፣ ማንም የማይከፍልሽ። እኔ ራሴ ከየካ አባዶ እየተመላለስኩ ሁለት ዓመት ሠርቻለሁ። ማታ አነባለሁ ብዬ የገዛኋቸው መጻሕፍት ሳይገለጡ ቀሩ። ያ ድካም ጉልበቴን ብቻ ሳይሆን ሙያዬንም ጎድቶታል፤ ስለዚህ መንገዱን ቀላል ነገር አድርገሽ አትዪው።

የሐዋሳው ሒሳብሽ ላይ ግን ስህተት አለ። አክስትሽ ቤት ስለምታርፊ ኪራዩን ዜሮ አድርገሽዋል። ነገ ራስሽን ችለሽ ስትወጪ የምትከፍዪውን ጨምሪበት፤ የኢንዱስትሪ ፓርኩ በ2008 ዓ.ም. ከተመረቀ ወዲህ እዚያም ቤት ፈላጊው በዝቷልና ዋጋውን በወሬ ሳይሆን ሰፈር ዞረሽ አጣሪ።

ትልቅ ከተማ ለጀማሪ የሚሰጠው ትልቁ ነገር፣ በሙያው የበሰሉ ሰዎች በብዛት አጠገቡ መኖራቸው ነው። እንግዲህ የአዲስ አበባውን ቀጣሪ ጠይቂው፦ ሥራዬን የሚያርመው ማን ነው? ዲዛይን ላይ እገባለሁ ወይ? መስክስ እወጣለሁ? ልምድ ያለው መሐንዲስ ከጎንሽ የሚቀመጥ ከሆነ ሂጂ፤ ግን አራብሳን ተዪውና ከጓደኛ ጋር ተጋርተሽም ቢሆን ለቢሮው ቅርብ ተከራዪ። የኪራይ አዋጁን ቁጥር 1320/2016 እወቂው፤ ውሉ ከሁለት ዓመት አያንስም፣ ቅድመ ክፍያውም ከሁለት ወር አይበልጥም። ደላላው ሌላ ቢልሽ አትደንግጪ።

በጻፍሽልኝ ብቻ ፍረድ ካልሽኝ ግን ሐዋሳን እመርጥልሻለሁ። ቧንቧው ሲቀበር ቆመሽ ታያለሽ፣ የግፊት ሙከራው ሲደረግ ትመዘግቢያለሽ፣ የተሠራው ሥራ ተለክቶ ክፍያው በሚጸድቅበት የክፍያ ሰርተፊኬት ላይ ከተቋራጩ ጋር ትከራከሪያለሽ። ከሁለት ዓመት በኋላ አዲስ አበባ ብታመለክቺ ይህን የምትናገሪው አድርገሽው ነው፤ ሰነድ ስታዘጋጅ የቆየች ልጅ ግን ይህ ይጎድላታል።

ሐዋሳዎቹ መልስ የሚጠብቁት እስከ ዓርብ ነው ብለሻል። ነገ ጠዋት ለአዲስ አበባው ደውዪና የሰጡሽን መልስ እንዳለ ጻፊልኝ።