ላይኛውን ዶ ለምትመኙ የሀዋሳ ልጆች

ይድረስ ትራምፔት ለምትማሩ ወጣቶች፤

ከእናንተ የሚደርሰኝ ጥያቄ ብዙውን ጊዜ አንድ ነው። «ጋሼ፣ ላይ ያለውን ድምፅ እንዴት ላውጣው?» ስለ ቃና የሚጠይቀኝ ጥቂት ነው፤ ስለ ምት የሚጠይቀኝ ከዚያም ያነሰ ነው። አልፈርድባችሁም። ማርሽ ባንድ በፒያሳ በኩል ሲያልፍ ሕዝቡ ዞሮ የሚያየው ከፍ አድርጎ የነፋውን ልጅ ነው። መልሴን ግን ከወዲሁ ልንገራችሁ፦ ላይኛው ድምፅ የሚገነባው መሃል ላይ፣ ቀስ ብሎ በሚነፋ ኖታ ነው። ይህን ስል አንዳንዶቻችሁ ፊታችሁ እንደሚጠቁር አውቃለሁ። ምስጢር የምነግራችሁ መስሏችሁ ነበር።

መጀመሪያ መሣሪያው ምን እንደሚሠራ ይግባችሁ። ትራምፔት ያለው ሦስት ፒስተን፣ ማለትም በጣት የሚጫኑ ሦስት ቁልፎች ብቻ ነው፤ የቀረው ሥራ የከንፈርና የትንፋሽ ነው። ፒስተን ሳትነኩ ከታችኛው ዶ ተነስታችሁ ሶል፣ መሃለኛው ዶ፣ ሚ፣ ላይኛው ሶል፣ ከዚያም ትንሽ ዝቅ ብሎ የሚሰማ ሲ ፍላት (ከሲ በታች ያለው ግማሽ ድምፅ)፣ በመጨረሻም ከአምስቱ መስመሮች በላይ በሁለተኛው ትርፍ መስመር ላይ የሚጻፈው ዶ ይወጣሉ። ልብ በሉ፤ ከታች በዶና በሶል መካከል ሰፊ ክፍተት አለ፣ ወደ ላይ በሄዳችሁ ቁጥር ግን ድምፆቹ እየተጠጋጉ ይመጣሉ። ስለዚህ ላይ ስትነፉ ጎረቤት ኖታ የሚወጣባችሁ ጉልበት አንሷችሁ ላይሆን ይችላል፤ ስታችሁ ይሆናል። የሳተ ሰው ደግሞ ኃይል ቢጨምር የባሰ ይስታል።

አሁን ከንፈራችሁን አስቡት። በተለመደው የሲ ፍላት ትራምፔት መሃለኛውን ዶ ስትነፉ ከንፈራችሁ በሰከንድ ወደ 466 ጊዜ ይርገበገባል። ላይኛውን ዶ ስትነፉ እጥፉን፣ ወደ 932 ጊዜ ነው። እንዲህ በፍጥነት መርገብገብ ያለበትን ሥጋ በማውዝፒሱ፣ ማለትም ከንፈር በሚያርፍበት ብረት፣ ከጥርሳችሁ ጋር አጣብቃችሁ ስትይዙት ምን ይሆናል? ደሙ ይሸሻል፣ ከንፈሩ ይደነዝዛል፣ ድምፁ ይቀጥናል፣ ትንሽ ቆይቶ ጨርሶ ይጠፋል። መጫን ለአንድ ዘፈን ይሠራል። ችግሩም ይኸው ነው፤ ባይሠራ ኖሮ ማንም አይለምደውም ነበር።

በቅርቡ ሐይቁ ዳር፣ ከአንዱ ትልቅ ዋርካ ሥር አንድ ልጅ ሲለማመድ ቆሜ አየሁት። የግራ እጁ ጣቶች መገጣጠሚያ ነጥቷል፣ የአንገቱ ሥር ተገትሯል፣ ማውዝፒሱን ሲያነሳ ከንፈሩ ላይ ቀይ ክብ ታትሟል። የቀኝ እጁ ትንሿ ጣት በመሣሪያው ላይ ባለው ቀለበት ውስጥ ገብታ መሣሪያውን ወደ ፊቱ ትጎትታለች። ሌላ ምንም አላልኩትም፤ «ያቺን ጣትህን አውጣና ከላይ አሳርፋት» አልኩት። አወጣት። ያን ጊዜ ሲታገልበት የነበረው ላይኛው ሶል እምቢ አለው። ሬ ላይ ግን እስከዚያ ድረስ ያልሰማሁት ድምፅ ወጣ፤ ሞላ ያለ፣ ንጹሕ። ልጁ ሶሉን በማጣቱ ተከፋ። እኔ ደግሞ ሬውን በማግኘቱ ደስ አለኝ፤ ምክንያቱም እውነተኛው ጣሪያው የቱ ጋ እንደሆነ ለመጀመሪያ ጊዜ አወቀ። እናንተም ዛሬውኑ ሞክሩት። ጣታችሁን ከቀለበቱ ስታወጡ የምታጡት ኖታ መጀመሪያም የእናንተ አልነበረም።

ታዲያ ግፊቱን ምን ይተካው? ሦስት ነገሮች ናቸው፣ ሦስቱም አብረው ነው የሚሠሩት። የአፋችሁ ሁለቱ ጥግ ጠንክረው ይያዙ፤ መሃሉ ነጻ ይሁን። ብዙዎቻችሁ ወደ ላይ ስትሄዱ ፎቶ እንደሚነሳ ሰው ፈገግ ትላላችሁ። ፈገግታ ከንፈርን ያሳሳዋል፣ የሳሳ ከንፈር ደግሞ ቶሎ ይደክማል። ጥጎቹ ወደ ጆሮ ሳይሸሹ ወደ መሃል ይሰብሰቡ። ምላስን በተመለከተ፣ እስቲ መሣሪያውን አስቀምጡና ከወፍራም ድምፅ ወደ ቀጭን እያፏጫችሁ ውጡ። የምላሳችሁ ጀርባ ወደ ላንቃ ከፍ ሲል ይሰማችኋል። ትራምፔት ላይም እንዲሁ ነው፤ ታች «ታ» እንደምትሉ፣ ላይ «ቲ» እንደምትሉ አድርጉት። መንገዱ ሲጠብ አየሩ ይፈጥናል። ሦስተኛው ራሱ ትንፋሽ ነው። ትከሻችሁን ሳታነሱ ወደ ታች፣ ወደ ሆድና ወደ ጎን ተንፍሱ፤ ሞልታችሁም አየሩን ጉሮሮ ላይ ቆልፋችሁ አትያዙት፣ እንደገባ ይውጣ። ላይኛው ድምፅ የሚፈልገው ፈጣን አየር እንጂ ብዙ አየር አይደለም። ይህ ልዩነት የገባው ተማሪ ግማሹን መንገድ ሄዷል። ጉሮሮ ዘግቶ እየታገለ ላይ ለመውጣት የሚሞክር ሰው ጭንቅላቱ ሊዞርበት፣ ከባሰም ሊወድቅ ይችላል። ማዞር ከጀመራችሁ መሣሪያውን አስቀምጡና ተቀመጡ፤ ጀግንነት አይደለም።

ወደ ልምምዱ እንምጣ። ጠዋት መጀመሪያ የምትነፉት በሁለተኛው መስመር ላይ ያለው ሶል ይሁን፤ ረዥም፣ ለስላሳ፣ ጎረቤት የማይቀሰቅስ። ከዚያ በግማሽ ድምፅ፣ ማለትም ከአንዱ ኖታ ወደ ቅርብ ጎረቤቱ፣ እየወረዳችሁ፣ እንደገና እየወጣችሁ ቀጥሉ። አለስልሳችሁ ስትነፉ ድምፁ የሚቆራረጥ ከሆነ ከንፈራችሁ ገና አልተገናኘም ማለት ነው፤ ጩኸት ይህን ይሸፍነዋል፣ ልስላሴ ያጋልጠዋል። ቀጥሎ በምላስ ሳትመቱ፣ ፒስተንም ሳትቀያይሩ ከዶ ወደ ሶል፣ ከሶል ወደ ዶ፣ ከዶ ወደ ሚ እያያያዛችሁ ውጡና ውረዱ። ያንኑ በሁለተኛው ፒስተን፣ በአንደኛው፣ በአንደኛና ሁለተኛው እያላችሁ እስከ ሦስቱም ድረስ በሰባቱም አያያዝ ድገሙት። አሰልቺ ነው፤ አልዋሻችሁም። ነገር ግን ላይኛው ዶ የተደበቀው እዚህ ውስጥ ነው፤ ምላስና ትንፋሽ ከንፈርን ሳይጫኑ ድምፅ መቀየር የሚማሩት በዚህ ነው።

ስኬልን በተመለከተ እኛ የታደልነው ነገር አለ። የትዝታን ቅኝት በትልቁ (ሜጀር በሚባለው) ውሰዱት፦ ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ፣ ዶ። ከታችኛው ዶ ጀምራችሁ አንድ ኦክታቭ፣ ማለትም እስከ ቀጣዩ ዶ፣ ውጡና ተመለሱ፤ ከዚያ ግማሽ ድምፅ ከፍ አድርጋችሁ ድገሙት፣ እንደገና ግማሽ። ጆሯችሁ ዜማውን ከልጅነት ጀምሮ ስለሚያውቀው ኖታውን በጉልበት ሳይሆን በመስማት ትፈልጉታላችሁ። ከመንፋታችሁ በፊት የመጨረሻውን ኖታ በአፋችሁ አዚሙት። ማዜም ያልቻላችሁትን መንፋት የአጋጣሚ ጉዳይ ነው። ድምፁ መቅጠን ሲጀምር እዚያው አቁሙ፤ የዕለቱ ጣሪያችሁ እሱ ነው። ነገ ከዚያው ትጀምራላችሁ። አንዳንድ ቀን ከትናንቱ ዝቅ ይላል፣ አትደንግጡ።

ከነፋችሁት ጊዜ ጋር የሚተካከል እረፍት ውሰዱ። 15 ደቂቃ ነፍታችሁ 15 ደቂቃ ተቀመጡ፤ ኖታ አንብቡ፣ ጣታችሁን ያለ ድምፅ አለማምዱ። ከንፈር ትንሽ ጡንቻ ነው፤ ከደከመ በኋላ የምታስጠኑት መጥፎ ልማድን ብቻ ነው። ቅዳሜ ሰርግ ላይ አምሽታችሁ እሑድ ጠዋት ከንፈሩ ካበጠ፣ የዚያን ቀን ለስላሳ ረዥም ድምፅ በቂ ነው። ሕመም ካለና ካልተወ ደግሞ ሐኪም ይየው። ሉዊ አርምስትሮንግን የሚያህል ሰው እንኳ ዕድሜውን ሁሉ ከከንፈር ቁስል ጋር ሲታገል ኖሯል።

ሐይቁ ዳር መለማመድን በተመለከተ አስተያየቴ ላያስደስታችሁ ይችላል። ቦታው ውብ ነው፣ ቤተሰብም ከጫጫታ ያርፋል። ሆኖም ሜዳ ላይ ድምፃችሁን መልሶ የሚያሰማችሁ ግድግዳ የለም። ስለዚህ ያነሰ ይመስላችሁና ሳይታወቃችሁ ትጨምራላችሁ፤ መጫኑም አብሮ ይመጣል። ረዥሙን ድምፅና ማያያዙን በክፍል ውስጥ ሥሩ፤ ሐይቁ ዳር ዘፈኑን ንፉ። ለነገሩ የኛ የብራስ ታሪክ ራሱ የጎዳናና የሰልፍ ታሪክ ነው። እ.ኤ.አ. በ1924 ራስ ተፈሪ ከኢየሩሳሌም ያስመጧቸው 40 አርመናውያን ወላጅ አልባ ልጆች፣ አርባ ልጆች የተባሉት፣ ከአስተማሪያቸው ከኬቮርክ ናልባንዲያን ጋር የቤተ መንግሥቱ ባንድ ሆኑ፤ ከዚያ በኋላ የክብር ዘበኛው፣ የጦር ሠራዊቱና የፖሊሱ ባንዶች ናቸው ነፋሾችን ያፈሩት። ለአደባባይ የሚነፋ ሰው ጮክ ማለትን ቢያስቀድም አይገርምም። ግን እነዚያው ባንዶች ማታ አዳራሽ ውስጥ ዘፋኝ አጅበው ሲጫወቱ፣ የድምፃዊውን ድምፅ ሳይውጡ ላይ መውጣት ነበረባቸው። እኔ ከፍታ የምለው ያንን ነው።

መሣሪያችሁንም መርምሩ፤ ከአንዱ ወደ ሌላው ሲተላለፍ የቆየ ትራምፔት ብዙ ጊዜ አየር ያስወጣል። አንዱን የፒስተን ቱቦ ፒስተኑን ሳትጫኑ ጥቂት ሳቡት፣ ከዚያ ፒስተኑን ተጫኑ። «ፖፕ» የሚል ድምፅ ከተሰማ ደህና ነው፤ ካልተሰማ አየር እየሾለከ ሊሆን ይችላል። የውሃ መልቀቂያውን ቡሽም እዩት። ያረጀች ትንሽ ቡሽ ላይኛውን ድምፅ ታበላሻለች፣ ተማሪው ግን ከንፈሩን ይረግማል።

ማውዝፒስ መቀየርስ? ገንዘባችሁን አታባክኑ። ጥልቀት የሌለው ማውዝፒስ ድምፁን ያነጣዋል፣ ላይ ላይ ትንሽ ያግዛል፤ የሌላችሁን ኖታ ግን አይሰጣችሁም፣ የመሃሉን ቃና ደግሞ ይነጥቃችኋል። ተማሪ ባክ 7ሲ በሚባለው የተለመደ ማውዝፒስ ወይም በሚመስለው ዓመታት መቆየት ይችላል። ያደገ ነፋሽ ለሥራው ብሎ ሲቀይር ሌላ ጉዳይ ነው።

ስለ ምግብ አንድ ነገር ልጨምር፤ ይህ የከተማችን ችግር ነው። ከፕሮግራም በፊት ሐይቁ ዳር ወዳለው የዓሣ ገበያ፣ አሞራ ገደል፣ ሄዶ ዓሣ በዳጣ የበላ ልጅ ከንፈሩ እየነደደ መድረክ ላይ ይቆማል። ከጨዋታ በኋላ ብሉት። ጫትም አፍ ያደርቃል፤ በደረቀ አፍ ጥሩ ድምፅ ሲወጣ አላየሁም። ውሃ ጠጡ፣ አፋችሁን ተጉመጥመጡ። የጥርስ ብረት ያሰራችሁ ካላችሁ ደግሞ ለጊዜው ዝቅ ባለው ክልል ተጫወቱ፣ መጫንን ጨርሳችሁ እርሱት።

ፀሐይ ላይ ስትሰለፉ መሣሪያው እንደሚሞቅና ድምፁ ወደ ላይ እንደሚሸሽ አትርሱ። አብሯችሁ የሚጫወት ኪቦርድ ግን አይሸሽም። ማስተካከያውን ቱቦ ትንሽ ሳቡት፤ የተሳሳተ ላይኛው ዶ ካልተነፋው ይብሳል።

«ስንት ጊዜ ይፈጃል?» ለምትሉኝ፣ ከላይኛው ሶል እስከ ላይኛው ዶ ያለው መንገድ ለአብዛኛው ተማሪ የዓመታት ሥራ ነው። እስከዚያው ሥራ ይመጣል፤ ሰርግም ሰልፍም አይቆምም። ኖታው ላይ ያልደረሳችሁበት ዶ ተጽፎ ከሆነ ለባንድ መሪያችሁ አስቀድማችሁ ንገሩት። አንድ ኦክታቭ ዝቅ አድርጋችሁ ንፉት ወይም ለጓደኛችሁ ስጡት። ሦስት ትራምፔት ያለው ባንድ አንደኛውን ፓርት ሁልጊዜ ለአንድ ልጅ መስጠት የለበትም፤ በየዘፈኑ ተቀያየሩ። በጥምቀት ሰሞን ደግሞ ከከተራ ጀምሮ ቀኑን ሙሉ የሚነፋ ባንድ ካላችሁ፣ ማን የትኛውን ዜማ እንደሚይዝ ከሳምንት በፊት ተቀምጣችሁ ተካፈሉ።