በፊደል የሠራሁት ምስጠራ ለምን ተጣለ? እና ሌሎች ጥያቄዎች ከጎንደር

የምዝገባ ሰሞን ስለሆነ ነው መሰለኝ፣ የደረሱኝ ጥያቄዎች አብዛኞቹ ስለ አንድ ኮርስ ናቸው፦ አድቫንስድ ኔትወርክ ሴኩሪቲና ክሪፕቶግራፊ፣ ማለትም የኔትወርክ ደህንነትና ምስጠራ። የተመሳሰሉትን አንድ ላይ አድርጌ፣ የረዘሙትን አሳጥሬ መልሻለሁ።

ከማራኪ፦ «ማስተርስ ጀምሬያለሁ። ኔትወርክ እወዳለሁ፤ ሒሳብ ግን ከድሮም አይሆንልኝም። ኮርሱን ልተወው?»

ኧረ አትተወው! ካልኩለስ አይደለም የሚጠይቅህ። የፕራይም ቁጥር ጠባይ፣ ሲካፈል የሚተርፈው ቀሪ፣ ትንሽ ፕሮባቢሊቲ፤ ለመነሻ ይኼ ይበቃል። እ.ኤ.አ. በ1977 የተፈለሰፈውን አርኤስኤ የተባለ የምስጠራ ዘዴ በወረቀት ልትሠራው ትችላለህ። 3ን እና 11ን ውሰድ፤ ብዜታቸው 33 ነው። ለሁሉም የሚነገረው ቁልፍ 3 ይሁን፣ የሚደበቀው 7። መልእክትህ 4 ነው እንበል። 4×4×4 ሲባዛ 64 ነው፤ ለ33 ሲካፈል 31 ይተርፋል። የምትልከው 31ን ነው። ተቀባዩ 31ን ሰባት ጊዜ በራሱ አባዝቶ ለ33 ሲያካፍል፣ የሚተርፈው 4 ነው። 31ን እንደ −2 (31 ሲቀነስ 33) ከቆጠርከው ስሌቱ በአንድ መስመር ያልቃል።

7 ከየት መጣ? ከ3ም ከ11ም አንድ አንድ ቀንስና አባዛ፤ 20 ይሆናል። 3×7=21 ነው፤ ለ20 ሲካፈል 1 ይተርፋል። እንግዲህ 33 ከ3 እና ከ11 እንደተሠራ ያወቀ ሰው የተደበቀውን ቁልፍ አገኘ ማለት ነው። 33ን መበተን ለማንም ቀላል ነው። በሥራ ላይ ያለው ባለ 2048 ቢት ቁጥር ግን ከ600 በላይ አሃዝ አለው፤ ያንን በትኖ ያሳየ እስካሁን የለም። ይህንን በእጅህ ሠርተህ ከገባህ ኮርሱ አይጥልህም።

ከፒያሳ፣ አንዲት እናት፦ «ልጄ ሃክ ማድረግ እየተማርኩ ነው ይላል። ሌሊቱን ሙሉ ኮምፒውተር ላይ ነው። እስር ቤት ይገባብኝ ይሆን?»

እናቴ፣ ትምህርቱ ወንጀል አይደለም። ቁም ነገሩ የት እንደሚለማመድ ነው። በኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 መሠረት፣ ያለ ፈቃድ ሰው ሲስተም ውስጥ መግባት ራሱ ወንጀል ነው፤ ምንም ባይወስድ፣ ምንም ባያበላሽም። «ለመማር ነው» ማለት አያድነውም። አንድ ነገር ብቻ ይጠይቁት፦ የምትሞክረው በማን ማሽን ላይ ነው? «በራሴ» ካለ ይተዉት፣ ይሥራ። የካፌ ዋይፋይ ወይም የግቢው ሰርቨር ከሆነ ግን ይቆጡልኝ።

ከቴዎድሮስ ግቢ፦ «ለመመረቂያ ፕሮጀክት በአማርኛ ፊደል የሚሠራ የራሴን ምስጠራ ፈጠርኩ። እያንዳንዱ ፊደል በሌላ ፊደል ይተካል። ፊደላችን ከ200 በላይ ስለሆነ ማንም አይፈታውም። አማካሪዬ ግን ጣለብኝ። ቅናት ነው?»

ቅናት አይደለም፤ አማካሪህ ልክ ነው። ፊደል በፊደል የሚተካ ምስጠራ እንዴት እንደሚፈታ የዐረቡ ሊቅ አል-ኪንዲ ባግዳድ ላይ የጻፈው በ9ኛው ክፍለ ዘመን ነው። የትኛው ፊደል ስንት ጊዜ እንደሚመጣ ትቆጥራለህ፣ በቃ። የፊደሉ መብዛት ፈቺውን ረዘም ያለ ጽሑፍ ያስፈልገዋል እንጂ አያግደውም። አማርኛ ደግሞ ራሱን ያጋልጣል። ቃል መጀመሪያ ላይ የሚደጋገሙት «የ»፣ «በ» እና «ለ» ናቸው። ከአራት ነጥብ በፊት ደግሞ አሥር ጊዜ «ነው» ትላለህ። እዚህ ላይ አንተም አለህበት፣ እኔም አለሁበት።

የምስጠራ ምሁሩ ኬርክሆፍስ እ.ኤ.አ. በ1883 እንዳስቀመጠው፣ ጠላት ከቁልፉ በቀር ሁሉን ቢያውቅ እንኳ ምስጠራው መቆም አለበት። ያንተ ግን ዘዴው እንደታወቀ ይወድቃል።

ሐሳብህን ግን አትጣለው። የግዕዝ ፊደል በዩቲኤፍ-8 (ኮምፒውተር ፊደልን በቁጥር በሚያስቀምጥበት ደንብ) ሲቀመጥ እያንዳንዱ ፊደል 3 ባይት ይይዛል። በመደበኛው የፊደል ክልል ውስጥ የመጀመሪያው ባይት ሁልጊዜ 225 ነው፤ ሁለተኛው ከ136 እስከ 141 ካሉት አይወጣም። አንድ ሰው አጭር ቁልፍ እየደጋገመ በኤክስኦአር (የቁልፉንና የጽሑፉን ቢቶች እያነጻጸረ በሚቀላቅል ስሌት) ቢያመሰጥር፣ አጥቂው ከመነሻው ሲሶውን ባይት ያውቃል ማለት ነው። ይህ ክፍተት ስንት መልእክት ሲገኝ ቁልፉን እንደሚያወጣ በፓይተን ለካ፤ ከዚያ ኤኢኤስ የተባለውን መደበኛ ምስጠራ በጂሲኤም የአሠራር ስልት ተጠቅመህ ክፍተቱ እንደሚዘጋ አሳይ። ይህን አማካሪህ የሚጥል አይመስለኝም። አደራ፣ በጂሲኤም በአንድ ቁልፍ ሥር ኖንሱን (ለአንድ መልእክት ብቻ የሚያገለግለውን ቁጥር) አትድገመው፤ ብዙ ፕሮግራም የሚፈርሰው እዚያ ላይ ነው።

ከአዘዞ፦ «ላፕቶፔ 4 ጊጋ ራም ነው። መብራቱም ኔትወርኩም ይቆራረጣል። የላብ (ቤተ ሙከራ) ልምምድ እንዴት ልሥራ?»

እህቴ፣ ካሊን (ለሴኩሪቲ ፍተሻ የተዘጋጀውን ሊኑክስ) ከነዴስክቶፑ ዊንዶውስ ላይ ደርበሽ አትጫኚ፤ ያስለቅስሻል። ዴስክቶፕ የሌላቸው ሁለት ቀላል ሊኑክስ በቨርቹዋልቦክስ (በአንድ ላፕቶፕ ውስጥ ሌላ ኮምፒውተር በሚያስመስል ፕሮግራም) ክፈቺ፣ እርስ በርስ አገናኛቸው፣ በመካከላቸው የሚያልፈውን መረጃ ዋየርሻርክ በተባለ መመልከቻ ፕሮግራም ያዢ። ኢንተርኔት አያስፈልግም። ኔትወርክ ያለ ቀን አርኤፍሲ 8446 የተባለውን የኢንተርኔት ደንብ ሰነድ አውርጂ። እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣው የቲኤልኤስ 1.3 (የድረ ገጽ ግንኙነትን የሚያመሰጥረው ስልት) ደንብ ነው፤ ተራ ጽሑፍ ስለሆነ ዳታ አይበላም። በዋየርሻርክ የያዝሽውን ከጎኑ አድርገሽ መስመር በመስመር አንብቢው።

ከአራዳ፦ «ኳንተም ኮምፒውተር ሲመጣ የተማርኩት ሁሉ ከንቱ ይሆናል?»

ሁሉም አይሆንም። አርኤስኤና ዲፊ-ሄልማን (ሁለት ወገኖች ምስጢራዊ ቁልፍ የሚስማሙበት ዘዴ) ይወድቃሉ፤ ኤኢኤስ ባለ 256 ቢቱ ይቆያል። የአሜሪካው የደረጃዎች ተቋም ኒስትም እ.ኤ.አ. በኦገስት 2024 ለኳንተም ዘመን የሚሆኑ 3 ደንቦች አውጥቷል። መምህርህ ከእነሱ አንዱን፣ ኤምኤል-ኬምን፣ ካልጠቀሰ አንተ ጠይቀው።

ደግሞ ከማራኪ፦ «ጎንደር ላይ ተቀምጦ በዚህ ሙያ ሥራ ይገኛል?»

ይከብዳል፣ አልዋሽህም። የአብዛኞቹ ባንኮች ዋና መሥሪያ ቤት፣ ኢትዮ ቴሌኮም፣ ኢንሳ፣ ሁሉም አዲስ አበባ ናቸው። እዚህ ያለው በአብዛኛው የአይሲቲ ሥራ ነው፤ ሴኩሪቲው ተደርቦ ይሰጥሃል። ግን የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የሰው መረጃ የሚይዝ ድርጅትን ሁሉ ይነካል፤ ሆስፒታሉንም ኮሌጁንም። አዋጁን አንብበህ፣ በራስህ ቤተ ሙከራ የሠራኸውን የፍተሻ ሪፖርት ይዘህ አይሲቲ ክፍላቸውን አነጋግር። ሲቪ ላይ «ካሊ እችላለሁ» ብሎ መጻፍ ማንንም አያስደንቅም።