መልስ፦ ዴስክ ስለሰጡ ዳይሬክተር ያስነሳሉ እንዴ?
"የሰፈራችን ነጋዴዎች ለመንግሥት ትምህርት ቤቱ ዴስክ አሠርተው አሁን ዳይሬክተሩ ይነሳልን ይላሉ፤ ያስኬዳል?" ብለሃል።

አያስኬድም ወንድሜ። መጠየቅ ይችላሉ፤ ማንም ነዋሪ ይችላል። ማንሳት ግን የትምህርት ጽሕፈት ቤቱ ሥራ ነው። ወላጅ ድምፁን የሚያሰማው በወተመህ፣ ማለትም በወላጅ፣ ተማሪና መምህር ኅብረት በኩል ነው። እዚያም የሚገባው ተመርጦ እንጂ ከፍሎ አይደለም። ከነጋዴዎቹ መሀል ልጁን እዚያ የሚያስተምር ካለ ይወዳደር። (ስንቶቹ ልጃቸውን ግል እንደሚልኩ አንተም ታውቃለህ።)

ይልቅ አጥሩን እይ። እዚሁ ባህር ዳር፣ ከጣና ዳር ብዙም በማይርቅ ትምህርት ቤት ኮሚቴ ነበርኩ። አጥሩን ተደግፈው የሚከራዩ ሱቆች ነበሩ። ኪራዩ የትምህርት ቤቱ የውስጥ ገቢ ነው፤ ጠመኔና ወረቀት ይገዛበታል። ዳይሬክተሯ "ኪራዩ ይስተካከል" ባሉ በሳምንቱ "ብቃት የላቸውም" የሚል ፊርማ ተሰበሰበ። ስሞቹን አንድ በአንድ ስናይ ግማሾቹ ተከራዮቹ ራሳቸው ናቸው! እዚያም የተለገሱ ዴስኮች ነበሩ፤ ጀርባቸው ላይ የለጋሾቹ ስም በቀይ ቀለም ተጽፏል። ልጆቹ በእስክሪብቶ ፍቀው ፍቀው ሊያጠፉት ምንም አልቀራቸውም ነበር።

እናም መጀመሪያ የእናንተ ሰፈር ዴስኮች በሞዴል 19፣ ማለትም በንብረት ገቢ ደረሰኝ፣ ገቢ መሆናቸውን አጣራ። ገቢ ከሆኑ የትምህርት ቤቱ ንብረት ናቸው፤ ነጋዴዎቹ "እንወስዳለን" ቢሉ እንኳ ማስፈራሪያው አይሠራም። ከዚያ እናንተም ጋ አጥሩ ላይ የሚከራዩ ሱቆች ካሉ፣ በወተመህ ስብሰባ ላይ የኪራይ ውላቸው እንዲነበብ ጠይቅ። ማን መጀመሪያ እንደሚቆጣ አስተውል።